ከሦስት ወንድም ማምለጥ

እህቴ ቦርሳዋን የተነጠቀች ቀን ከሁላችንም በላይ የተጎዱት ታላቅ ወንድማችን ናቸው። እሷ ያጣችው አንድ ትልቅ መቀስ፣ ገና ያልተገጠመ የኮት እጅጌና ተገምጦ የቀረ ዳቦ ነው። እሳቸው ግን እንቅልፍ አጡ።

ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከልብስ ስፌት ሱቋ ብዙም ሳትርቅ ነው። ሦስት ጎረምሶች ናቸው። አንዱ ከፊቷ መጥቶ ሰዓት ጠየቃት፤ አንዱ ከጎን ገፋ አደረጋት፤ ሦስተኛው ቦርሳውን መንጭቆ እብስ አለ። «ደግሞ እኮ ሰዓቱን በትክክል ነው የነገርኩት!» እያለች ስትቃጠል ሰነበተች።

ታላቅ ወንድማችንን ጋሼ ነው የምንላቸው። እኛ ብቻ ሳንሆን የእንጨት መሸጫቸው ሠራተኞችም፣ የገዛ ሚስታቸውም ጋሼ ይሏቸዋል። ወዲያው እናታችን ቤት ሰበሰቡንና ውሳኔያቸውን አሰሙ።

«እታለም፣ በቃ። ያ ሱቅ ይዘጋል። የስፌት መኪናሽን አምጥተሽ እኔ ቤት ጓሮ ካለው ክፍል ትሰፊያለሽ። የፈለገሽ ደንበኛ እዚያው ይመጣል።»

«ጓሮ ድረስ ማን ይመጣል ጋሼ? ለዶሮ ልሰፋ ነው?»

«ዶሮ ቢያንስ ቦርሳ አይነጥቅም።»

ይህን ሲሉ መካከለኛው ወንድማችን ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ጫን አደረገ። እሱ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ነገር በተካረረ ቁጥር፣ ወንበር ላይ ተቀምጦም ቢሆን፣ እግሩ የሌለ ፔዳል ፍለጋ ይወርዳል፤ በዚህ የተነሳ ስሙ ፍሬን ሆኖ ቀረ። «ቀስ፣ ቀስ» አለ። «ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ግን ቀስ።»

እኔ የመጨረሻው ነኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። የማሽኑ ብርሃን ከወዲህ ወዲያ ሲሄድ ሐሳቤን ይዞብኝ ይሄዳል፤ የሰው መታወቂያ ገልብጬ የማነሳውም ለዚህ ነው። በቤተሰብ ስብሰባ ላይ ድምፅ የለኝም። ቢኖረኝም የሚጠይቀኝ የለም።

እህቴ ግን ዝም የምትል አይደለችም። ሱቁን የከፈተችው ለሰው ተቀጥራ ዓይኗ እስኪቀላ ሰፍታ ነው። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በገዛ እጇ ነው የቀባችው፤ ፊደሎቹ ንፋስ እንደመታቸው ወደ ግራ ዘመም ብለዋል። ከኋላ ባለችው ክፍል ትተኛለች። ጠዋት መጋረጃዋን ስትገልጥ ሥራ ገባች ማለት ነው፤ «አለቃዬም እኔ፣ ዘግይታ የመጣችውም እኔ» ትላለች። ይህን ትታ ጓሮ ልትገባ?

«ከሦስት ሰው ማምለጥ ብችልስ?» አለች።

ጋሼ ሳቁ። ሲስቁ ሆዳቸው ቀድሞ ነው የሚስቀው። «አንቺ? ከሦስት ሰው?»

«እኔ።»

«ከእኛ ከሦስታችን ካመለጥሽ ሁለተኛ ስለ ሱቁ አፌን አልከፍትም። ካላመለጥሽ ግን በማግስቱ ጋሪ ልኬ መኪናሽን አስጭናለሁ።»

እናታችን ጥግ ይዛ ሹራብ ስትሠራ ነበር። ቀና አለች። «ሰምቻለሁ» አለች። «ዳኛዋም ምስክሯም እኔ ነኝ። የወሩ የመጨረሻ እሑድ ይሁን። አሁን ተበተኑ፤ ቁጥር አሳሳታችሁኝ።»

እህቴ አሰልጣኝ ፍለጋ ወጣች። ያገኘቻት ሴትዮ ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስትቆርጥ የኖረች፣ ትከሻዋ የበር መቃን የሚያህል ናት። ጡረታ ስትወጣ አንድ የፍራሽ መጋዘን ለምና፣ ማታ ማታ ሴቶችን ራስን መከላከል ታስተምራለች። ትኬቷ ነው የሚሏት።

ጋሼ ለብቻ ጠርተው «አብረሃት ሂድ። የምትማረውን እያየህ ትነግረኛለህ» አሉኝ። መንገድ ላይ እህቴ በጎን አየችኝ። «ምን ብለው እንደላኩህ አውቃለሁ። ያየኸውን ንገራቸው፤ ይሳቁ።»

መጋዘኑ በር ላይ ትኬቷ አስቆመችኝ። «አንተ ደግሞ ምን ልትሆን ነው?»

«እህቴን ላጅብ ነው።»

«አጃቢ አልቸገረንም። ወሮበላ ነው ያጣነው። ጫማህን አውልቅና ግባ!»

በዚህ ሁኔታ ወሮበላ ሆንኩ። ባልደረቦቼ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። አንዷ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ሰው ስትይዝ እንደ ሊጥ ነው የምታሸው። ሌላዋ የጥርስ ሐኪም ቤት ተቀባይ ናት፤ ከማነቋ በፊት በለሰለሰ ድምፅ «ትንሽ ያምሻል» ትላለች። በየተራ ተጠቂም አጥቂም እንሆናለን። እኔ አጥቂነቱ አልሆነልኝም፤ መውደቁን ግን ወደድኩት። ፍራሽ ላይ መውደቅ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን እህቴ ክንዴን ጠምዝዛ ጣለችኝና፣ በጣሪያው ቆርቆሮ ቀዳዳዎች የሚገባውን ብርሃን ስመለከት፣ ያ ሁሉ ቀዳዳ ዝናብ ሲመጣ ምን ዓይነት ዜማ ያወጣ ይሆን እያልኩ እዚያው ቀረሁ። ትኬቷ በእግሯ ጣት ነካ አደረገችኝ።

«አንተ ወሮበላ! ወይ ሙት ወይ ተነሳ!»

ትምህርቷ ሁሉ ከአውቶቡስ የመጣ ነው። «ስሙ!» ትላለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ሦስት ሰው ሲመጣብሽ ሦስት ጠላት መጣብኝ አትበይ። አንድ ጠላትና ሁለት ተሳፋሪ ነው የመጣብሽ። ተሳፋሪ ምን ይፈልጋል? መግባት! በሩ ጋ ሲደርስ ምን ይሆናል? እርስ በርሱ ይተሻሻል! ስለዚህ አሰልፊያቸው። አንዱን ዞረሽ በጎኑ እለፊ፣ እሱ ለሌሎቹ ግድግዳ ይሁንባቸው። ደግሞ ደብድቢ አልተባልሽም። ውረጂ ነው የተባልሽው። ወርደሽ ሂጂ!»

እህቴ አንድ ሰው ሲመጣባት እንደ ክር ከመርፌ ቀዳዳ ሹልክ ትላለች። ሁለት ሲሆኑም እያለከለከች ታመልጣለች። ሦስት ስንሆን ግን መጋዘኑ ሰፊ ነው፤ አንዱን ስታልፍ ሌላው ዞሮ ይጠብቃታል። እኔን ትጥለኝና ዳቦ ጋጋሪዋ ታቡካታለች። የመጨረሻው ልምምድ ላይ እንኳ አንዴም አላመለጠችም። ትኬቷ ላቧን እየጠረገች «ሰፊ ቦታ የብዙ ሰው ነው፣ እህቴ። ጠበብ ያለ ፈልጊ» ብላት ሄደች።

እህቴ ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጸጉሯ ላይ ጥጥ ተጣብቋል። «የጋሼ ጓሮ ክፍል መስኮት የለውም፤ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ጥቁር ክር ከሰማያዊ ክር የምለየው በምን ብርሃን ነው?»

አንጀቴን በላችው። «እትዬ፣ እኔ አለሁልሽ። እግሬ ተጠለፈ ብዬ ዘጭ እላለሁ። መውደቅ እንደሆነ እችልበታለሁ።»

እንዲህ ስላት ተቆጣች። «ብትለቀኝ አልምርህም! ካመለጥኩ አምልጬ ነው። አለዚያ መንገድ በወጣሁ ቁጥር አንተን ተጠለፍልኝ ብዬ ይዤ ልዞር ነው? ከልብህ እንደምትይዘኝ ማልልኝ።»

«እትዬ...»

«ማል!»

ማልኩ።

ቅዳሜ እናታችን ቤት ሁላችንም ተገኘን፤ ጋሼ ደንቡን ሊያስታውቁ። ቦታው የእሳቸው የእንጨት ግቢ እንዲሆን ፈልገው ነበር። መኪና የሚያዞር ግቢ ነው። እህቴ እዚያ ብትገባ መያዟ እንደማይቀር ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም አንገቷን ደፍታ የሹራብ ክር ታጠነጥናለች። ከዚያ ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው ተነሡ፣ ፍሬንም ተነሣ፣ እኔም ተነሣሁና በሩ ጋ ደረስን።

«ይለፉ ጋሼ» አለ ፍሬን።

«አንተ ቅደም፣ ተማሪ ይጠብቅሃል።»

«ኧረ ምን በወጣኝ! እርስዎ እያሉ?»

«እለፍ ነው የምልህ።»

«በሞቴ፣ ይለፉ!»

«አንተ ሰውዬ፣ በገዛ ሞትህ አትቀልድ፤ እለፍ!»

ፍሬን ቀኝ እግሩን ደፉ ላይ ተከለ። አባታችን ነፍሱን ይማረውና፣ ታላቁን ቀድሞ በር ያለፈ ልጅ እራቱን ቆሞ ነበር የሚበላው፤ ትልቁ ደግሞ ካልለመነ ኩሩ ይባላል። ጉዳዩ ታዲያ በእኛ ቤት ቀላል አይደለም። እኔ ሁለቱ ሳይወጡ መውጣት አይታሰብም፤ ከኋላቸው ቆሜ የጋሼን የኮት ስፌት እያየሁ ሌላ ሐሳብ ውስጥ ገባሁ።

እናታችን ጮኸች። «ወይ ውጡ ወይ ግቡ! ቤቴን የነፋስ መተላለፊያ አደረጋችሁት እኮ!»

ዞር ስል እህቴ ክሩን ጥላ፣ አፏን በመዳፏ አፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ዓይኗን ሳይ ግን ሌላ ነው፤ ልጅ ሆነን የጋሼን ጫማ ውሃ የሞላች ቀን ያየሁት ዓይን ነው።

«ጋሼ!» አለች ድምፅዋን አስተካክላ። «ነገ እኔ ሱቅ ይሁን። ሌባ የሚመጣብኝ እዚያ ነው እንጂ እርስዎ ግቢ አይደለም።»

ጋሼ በሩ ላይ እንደቆሙ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ሱቁን እንደ ጣውላ ለኩት። «ያችን ጠባብ? እንደ አይጥ ነው የምንይዝሽ።»

«እንግዲያው ጉድጓዴ ውስጥ ያዙኝ።»

«በሩ ግን ይቀረቀራል። ሌባ በር ከፍቶ አይጠብቅሽም።»

«ይቀርቀር።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ገባን። ከኋላ የመኝታ ክፍሏ አለ፤ ከዚያ መጋረጃ፤ ከዚያ ጨርቅ መቁረጫው ትልቅ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው በአንድ ጎን ከግድግዳ የተጣበቀ ነው። በሌላው ጎን የጨርቅ ጣቃ የተደረደረበት መደርደሪያ ቆሟል፤ በሁለቱ መካከል አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ከዚያ ወዲያ የስፌት መኪናውና የመንገዱ በር። በሩ የብረት መቀርቀሪያ አለው፤ ዝገቱ እየያዘው ካላወዛወዙት አይላቀቅም። ደንቡ ይህ ነው፦ እህቴ ከመኝታ ክፍሉ ተነሥታ፣ በሩን ከፍታ፣ ማዶ ያለውን የፀጉር አስተካካዩን በር ከነካች አመለጠች።

እናታችን ውጭ ወንበር አስወጥታ ተቀመጠች። ፀጉር አስተካካዩም ወሬውን ሰምቶ መቀሱን እንደያዘ ወጥቷል፤ ግማሽ ፊቱን ብቻ የተላጨ ደንበኛው ከአንገቱ ፎጣ ሳያወርድ አጠገቡ ቆሟል። በመስኮት እያየናቸው በሩን ቀርቅረን፣ አራታችንም መኝታ ክፍሉ ገባን።

«ጀምሩ!» አለች እናታችን ከውጭ።

ጋሼ ሳንቃ ሊሸከም እንደሚያጎነብስ ሰው እጃቸውን ዘርግተው ከፊት መጡ። ፍሬን ከግራ፣ «ቀስ ብለን፣ ቀስ ብለን እንያዛት» እያለ። እኔ ከቀኝ። ምያለሁና ጥርሴን ነክሼ ነው የሄድኩት። ጋሼ የእጇን አንጓ አፈፍ አደረጉት። አለቀላት አልኩ፤ እሳቸው የያዙት ነገር ይሰነጠቃል እንጂ ተለቆ አያውቅም። እህቴ ግን ክንዷን በአውራ ጣታቸው በኩል አዙራ መነጨቀችና በጎናቸው ዞረች። ከኋላዋ የተወረወረው ፍሬን የጋሼ ሆድ ላይ አረፈ።

«ይቅርታ ጋሼ! አመመዎት?»

«ያዛት!»

«ሸሚዝዎን...»

«ሸሚዜን ተው፣ ያዛት!»

መጋረጃውን በርግዳ ወጣች። በጠረጴዛውና በመደርደሪያው መካከል ሹልክ ብላ ከወዲያ ደረሰችና መቀርቀሪያውን ያዘች። መቀርቀሪያው ሲጢጥ አለ እንጂ አልተነቃነቀም። እኛም ደረስን። ጋሼና ፍሬን ትከሻ ለትከሻ ጠባቡ ማለፊያ ጋ ሲደርሱ፣ እህቴ መቀርቀሪያውን እያወዛወዘች ዞር አለችና፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሴት ለስለስ ባለ ድምፅ፣

«ጋሼ፣ ይለፉ እንጂ» አለች። ወደ ፍሬን ዞራም፣ «ወንድም ጋሼ፣ ምነው? እሳቸውን አታስቀድምም?»

የፍሬን ቀኝ እግር ወረደ። ቆመ።

«ይለፉ ጋሼ።»

«አንተ ቀጭን ነህ፣ እለፍና ያዛት!»

«እርስዎ እያሉ?»

«አሁን የዚህ ጊዜ ነው?»

«ኧረ በሞቴ...»

«እያዘዝኩህ ነው!»

«እሺ፣ ካዘዙማ...» አለና ገባ። ጋሼም በንዴት ከዚህ ልጅስ እኔው እሻላለሁ ብለው በዚያው ቅጽበት ገቡ። ጠረጴዛው ተንቋቋ፤ ሁለት ጣቃ ከላይ ወረደ፤ ሁለቱ ወንድሞቼ እንደ ቡሽ ተወተፉ። ከዚያ አንድ ረጅም የጨርቅ ድምፅ ተሰማ፣ ጭርርርር የሚል። ማን ላይ እንደሆነ ለማየት ጊዜ አልነበረኝም።

ምክንያቱም እኔ ምያለሁ። በላይ ማለፍ አይቻልም፤ በጎን ወንድሞቼ ናቸው። ጠረጴዛው ሥር ግን ባዶ ነው። ተንበረከክሁና በቁርጥራጭ ጨርቅና በክር መካከል ዳኽሁ፤ አንድ ስፒል ጉልበቴን ወጋኝ። ስወጣ የእህቴ ቁርጭምጭሚት ፊቴ ነው። በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

«ይዣታለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

አዎ፣ ይዣታለሁ። ነገር ግን ብቻዬን ነኝ። እህቴ ቁልቁል ስታየኝ ልቧ ሲረጋ ፊቷ ላይ አነበብኩት። ጎንበስ አለች፤ አውራ ጣቴን ፈልቅቃ ይዛ፣ ክንዴን ወደ ውጭ ጠመዘዘችና፣ ስገለበጥ የጨርቅ ቅርጫቱ ውስጥ በጭንቅላቴ ገባሁ። ፍራሽ እንዳልነበረ ያወቅኩት ከወደቅኩ በኋላ ነው። መቀርቀሪያው ኳ ብሎ ተላቀቀ። ከቅርጫቱ ውስጥ የሰማሁት የእሷን ሩጫ፣ ከዚያ የፀጉር አስተካካዩ በር በመዳፍ ሲመታ፣ ከዚያ ግማሽ የተላጨው ሰውዬ ጭብጨባ ነበር።

ጋሼ እንደተወተፉ ጮኹ። «ይኼ አይቆጠርም! ሌባ ይለፉ ይባባላል?»

እህቴ እያለከለከች ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። «ሌባ ምን እንደሚባባል አላውቅም ጋሼ። እናንተን ግን አውቃችኋለሁ። ከእናንተ አምልጪ ነው የተባልኩት።»

«ተፈርዷል» አለች እናታችን፤ ወንበሯን አንሥታ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ልትጨዋወት ተሻገረች።

ፍሬን በኋላ ማርሽ ወጣና ጋሼን ለቀቃቸው። ጋሼ ኮታቸውን አራገፉ፣ አገጫቸውን ከፍ አድርገው ደህና ዋሉ ሳይሉ ወደ መንገዱ ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ነፋስ ነገራቸው። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። የመደርደሪያው ብረት ሱሪያቸውን ከወገብ እስከ ጉልበት ወስዶታል። ውጭ ያለው ሕዝብ ደግሞ ገና አልተበተነም።

 ጋሼ የሚለኩት ጣውላ እንደጠፋቸው ቆሙ።

«ያውልቁትና ልስፋልዎት» አለች እህቴ።

«ዛሬ እሑድ ነው። ዝግ ነሽ።»

«ለደንበኛ እከፍታለሁ።»

ጋሼ መጋረጃው ኋላ ገቡ። ሱሪው በመጋረጃው ጎን ወጣ፤ በምትኩ ያገኘሁትን ጨርቅ አቀበልኳቸው፤ ሮዝ አበባ ያለበት፣ የአንዲት ሙሽራ መስኮት መጋረጃ ሊሆን የታሰበ ነበር። «ሌላ የለም?» አሉ። የለም አልኳቸው። ሌላ ነበረ።

እህቴ መብራቷን አብርታ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች። የመንገዱ በር እንደተከፈተ ነው። ብዙም ሳይቆይ ከላይኛው መንገድ የምትመጣ አንዲት ደንበኛ፣ የተጠቀለለ ጨርቅ በብብቷ ይዛ ገባች።

«እንኳን አገኘሁሽ! ለልጄ ቀሚስ ነበር። ግን ልስጥሽ አልስጥሽ እያልኩ ነው የመጣሁት። ወንድሟ ሱቁን ሊያዘጋት፣ ጓሮ ሊያስገባት ነው ሲሉ ሰማሁ። ጨርቄን ይዘሽብኝ የት አባቴ አገኝሻለሁ?»

የእህቴ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ፍሬን የሌለ ፔዳል ረገጠ። እኔ መጋረጃውን አየሁ፤ ወዲያና ወዲህ አለ።

«ማን ነው ያለው?» የሚል ድምፅ ከኋላው ነጎደ።

ሴትዮዋ ጨርቋን ጣለችው። «በስመ አብ! ማነው እዚያ ያለው?»

«ታላቅ ወንድሜ ናቸው» አለች እህቴ። «ሱሪያቸውን እየጠበቁ ነው።»

«ሱቁ አይዘጋም!» አሉ ጋሼ። «ወሬኛ ሁሉ! ጨርቁን ስጫት፣ እዚሁ ነው የምትሰፋው። ይሄን ላሉሽም እንዲሁ ብለሽ ንገሪልኝ!»

ሴትዮዋ ጨርቋን ከመሬት አንሥታ አራገፈችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እህቴ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ፊቷን ከእኛ አዙራ ነበር የምትለካው፤ ጆሮዋ ግን ከደስታ ብዛት ቀልቷል።

«እና እታለም» አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፍጠኚልኝ። እግሬን በረደኝ።»